የመስሚያ መርጃውና ስልኩ አልገናኝ ሲሉ፦ ማስተካከል፣ ማሟያ መግዛት ወይስ መቀየር?

የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ከስልክ ጋር መገናኘት ሲያቆም አብዛኛው ሰው «አርጅቷል» ብሎ ይደመድማል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚገኘው ስልኩ ላይ ነው፤ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው፤ ጆሮ ላይ ያለው ዕቃ ተራው የሚደርሰው ከሁለቱ በኋላ ነው። መቀየሩ ግድ ሲሆንም፣ አዲሱ መስሚያ በየትኛው የብሉቱዝ ዓይነት እንደሚሠራና የእርስዎ ስልክ ያንን ያውቅ እንደሆነ ሳያጣሩ ከከፈሉ ውድ ዕቃ ይዘው እዚያው ችግር ላይ ይመለሳሉ። ከዚህ በታች ያሉት አማራጮች የቀረቡት ምንም ከማያስከፍለው ተነሥተው ብዙ ወደሚያስከፍለው ነው።

የጠፋው የትኛው ድምፅ ነው?

መስሚያው ሁለት ዓይነት ድምፅ ያደርሳል፦ በራሱ ማይክ ከአካባቢው የሚሰበስበውንና ከስልኩ በሬዲዮ ሞገድ የሚቀበለውን። ሁለቱም የሚወጡት ግን በአንድ ስፒከር ነው። ምርመራውን የሚያቀልለው ይህ ነው። የስልኩን ብሉቱዝ ያጥፉ፤ ከዚያ ጣቶችዎን ከጆሮዎ አጠገብ ያፋትጉ ወይም ሰው ያናግሩ። ይህም ድምፅ ከደከመ፣ ከተቆራረጠ ወይም ከታፈነ ብሉቱዙን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው። ጆሮ ውስጥ በሚገባው ጫፍ ላይ ያለችውን የኩክ ማጣሪያ ይቀይሩ። የሲሊኮን ቆቡን አውልቀው ቀዳዳው መደፈኑን ይመልከቱ። ቱቦ ያለው ዓይነት ከሆነ ወደ ብርሃን አዙረው ቢያዩት ውስጡ የቆመ የእርጥበት ጠብታ ይታያል። እርጥበት ከሆነ ሌሊቱን በማድረቂያ ሣጥን ውስጥ ያሳድሩት፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጥተው። የፀጉር ማድረቂያ፣ ምድጃና የመኪና መስታወት ሥር ያለ ፀሐይ አይሞከሩም፤ ሙቀቱ ባትሪውንም ማጣበቂያውንም ይጎዳል።

የአካባቢው ድምፅ ደህና ሆኖ የስልኩ ብቻ ከጠፋ፣ ወይም የስልኩ ድምፅ በአንድ ጆሮ ብቻ ከመጣ፣ ያኔ ነገሩ የግንኙነት ነው። ሁለት መስሚያ ለሚጠቀም ሰው አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። በብዙ ሞዴሎች የአንዱን ቁልፍ ሲጫኑ የሌላውም ድምፅ አብሮ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ይህ ልማድ ከቀረ የተቋረጠው መስሚያዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መስመር ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አጥፍቶ በአንድ ጊዜ መክፈት አንዳንዴ ይመልሰዋል። ካልመለሰው በስልክ ሴቲንግ አይፈታም፤ ወደ መስማት ባለሙያው ይሂዱ።

ብልሽት የሚመስሉ ግን ብልሽት ያልሆኑ ሁለት ነገሮችም አሉ፤ ሰውን በከንቱ ያደክማሉ። አንደኛው የስልኩ ጥቃቅን ድምፅ ነው። የኪቦርድ ጠቅታ፣ የመቆለፊያ ድምፅ ወይም የመልእክት ማሳወቂያ በመጣ ቁጥር አንዳንድ መስሚያዎች ወደ ስልክ ድምፅ ተቀባይነት ይዞሩና የራሳቸውን ማይክ ለጥቂት ሰከንዶች ዝቅ ያደርጋሉ። ባለቤቱ «ጨዋታ መሐል ይቆራረጥብኛል» ብሎ ያማርራል። መፍትሔው የስልኩን የንክኪ፣ የኪቦርድና የማሳወቂያ ድምፆች ማጥፋት ነው። ሁለተኛው የሙዚቃ መቅጠን ነው። ቀዳዳ ያለው ክፍት ቆብ የሚጠቀም ሰው ከስልክ የሚመጣው ሙዚቃ ቀጭንና ባስ የሌለው ሆኖ ይሰማዋል፤ ወፍራሙ ድምፅ በቀዳዳዎቹ ስለሚያመልጥ ነው። አዲስ መስሚያም በዚያው ቆብ ከተገጠመ ያንኑ ያሰማል። ዝግ ቆብ ማስሞከር ወይም በአፑ ባሱን መጨመር ይበቃል።

ባትሪው

የስልክ ድምፅ መቀበል ከተራ ማዳመጥ የበለጠ ኃይል ይበላል። ስለዚህ የደከመ ባትሪ መጀመሪያ የሚያጋልጠው ግንኙነቱን ነው፤ ብዙ መስሚያዎች ኃይል ሲያጥራቸው ሌላውን ሥራ ይዘው ሬዲዮውን ቀድመው ያጠፋሉ። «ሰው ሲያናግረኝ እሰማለሁ፣ ስልክ ሳነሣ ይቋረጣል» የሚል አቤቱታ ከሰሙ ከምንም በፊት ባትሪ ይቀይሩ። በትንሽ መለኪያ ለክቶ «ደህና ነው» ማለት አያስተማምንም፤ መለኪያው ባትሪውን ሥራ ሳያሸክመው ስለሚለካ፣ ስልክ ሲደወል የሚወድቀው ባትሪ ጠረጴዛ ላይ ጤነኛ መስሎ ይታያል።

የሚጣሉት ባትሪዎች ዚንክ ኤር ይባላሉ፤ የሚሠሩትም አየር በመሳብ ነው። መጠናቸው በቀለም ይለያል፦ 10 ቢጫ፣ 312 ቡናማ፣ 13 ብርቱካናማ፣ 675 ሰማያዊ። ተለጣፊዋን ከላጡ በኋላ ወዲያው አያስገቡት፤ አምስት ደቂቃ ያህል አየር ያግኝ። ይህን የዘለለ ባትሪ ገና ከመጀመሪያው ኃይሉ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ ጥንድ ማድረጉም በዚያ ምክንያት ሊከሽፍ ይችላል። ተለጣፊዋን መልሶ መለጠፍ ባትሪውን አያድነውም።

በቻርጀር የሚሠራ ከሆነ የመስሚያውንም የቻርጀሩንም የብረት መነኪያ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ የቻርጁ መብራት በሁለቱም በኩል መብራቱን ይዩ። ሊቲየም ባትሪ ዓመት በዓመት አቅሙ ይቀንሳል። ጠዋት ሞልቶ የወጣ መስሚያ ያለ ስልክ እስከ ማታ እየዘለቀ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ስልክ ሲያወሩ ግን ከሰዓት በኋላ የሚሞት ከሆነ ብልሽቱ የባትሪው እርጅና ነው። በብዙ ሞዴሎች ባትሪው የታሸገ ስለሆነ በፋብሪካ ወይም በባለሙያ እጅ ይቀየራል። ሙሉውን መስሚያ ከመቀየር ግን ብዙ ይርቃል።

ሁሉንም ከባዶ ማጣመር

በተለምዶ ፔር ማድረግ የሚባለው ሥራ የሚከሽፈው ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ነው። ብሉቱዝ ማጥፋትና ማብራት ብቻውን አይበቃም፤ ስልኩ የድሮውን የማጣመሪያ ምስጢር እንደያዘ ነው። እንዲህ ያድርጉ፦

1. መስሚያውን ከስልኩ ያስወግዱ። አይፎን ላይ ሴቲንግስ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ሂሪንግ ዲቫይስስ ገብተው ስሙን ይንኩና «ፎርጌት» ይበሉት። አንድሮይድ ላይ በተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ «ፎርጌት» ወይም «አንፔር» ያድርጉ። የአምራቹ አፕ ካለም ከአፑ ውስጥ ለብቻ ይሰርዙት።

2. ከዚህ በፊት የተጣመሩትን ሌሎች ዕቃዎች ሁሉ ብሉቱዛቸውን ያጥፉ፦ የድሮ ስልክ፣ ታብሌት፣ ላፕቶፕ፣ የቴሌቪዥን ማስተላለፊያ። መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ታብሌት መስሚያውን ቀድሞ ይዞ አዲሱን ስልክ ሲያስለፋ መዋሉ እጅግ የተለመደ ነው።

3. ስልኩን አጥፍተው ያብሩ።

4. መስሚያዎቹን አጥፍተው ቢያንስ 10 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ከዚያ ሁለቱን አብረው ይክፈቱ። ባትሪ የሚቀየርላቸው በባትሪ ክዳናቸው፣ ቻርጅ የሚደረጉት በቁልፋቸው ወይም ቻርጀር ላይ ተቀምጠው በመነሣት። ከተከፈቱ በኋላ ለመጣመር ዝግጁ የሚሆኑት ለአጭር ጊዜ ነው፤ በብዙዎቹ ለሦስት ደቂቃ። ካለፈ እንደገና ማጥፋት ነው እንጂ ስልኩን መነካካት አይጠቅምም።

5. መስሚያዎቹን ከስልኩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ያጣምሩ። ለአይፎን የተሠሩት (ዓይነቶቹ ከታች ተብራርተዋል) የሚጣመሩት በሂሪንግ ዲቫይስስ በኩል ነው፤ በተራው የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ መፈለግ ዋነኛው ስሕተት ነው። ስልኩ ሁለት ጊዜ ፈቃድ ይጠይቃል፣ አንዴ ለግራ አንዴ ለቀኝ። ሁለተኛው ጥያቄ ዘግይቶ ስለሚመጣ አንዱን ፈቅደው ስልኩን ከዘጉት «ግራው አይሠራም» የሚባለው ችግር ይፈጠራል። በተለመደው ብሉቱዝ የሚሠሩት ደግሞ በተራው ዝርዝር ውስጥ ይጣመራሉ፤ አፑን ከዚያ በኋላ ይክፈቱት፣ አፑ የራሱን ማጣመር ለብቻ ያካሂዳል።

6. ለአፑ ፈቃድ ይስጡ። ከአንድሮይድ 12 ወዲህ «ኒርባይ ዲቫይስስ» የሚለው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ባሉት የሎኬሽን ፈቃድ ካልተሰጠ ስልኩ መስሚያውን ጭራሽ አያገኘውም። አፑን ከባትሪ ቆጣቢው ነፃ ያድርጉት፣ ያለዚያ ስልኩ ከበስተጀርባ ይዘጋዋል።

7. ጥሪንና ሙዚቃን ለየብቻ ይሞክሩ። ስልኩ ሁለቱን በተለያየ መንገድ ነው የሚልካቸው። አይፎን ላይ በሂሪንግ ዲቫይስስ ሥር «ኦዲዮ ራውቲንግ» ውስጥ የጥሪው ወይም የሚዲያው መስመር «ኔቨር» ላይ ከተቀመጠ ግንኙነቱ ደህና ሆኖ ድምፅ አይመጣም። አንድሮይድ ላይ የመስሚያውን ስም ሲነኩ ለጥሪና ለሚዲያ የተለያዩ ማብሪያዎች ይታያሉ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተሳካ መስሚያውን በሌላ ሰው ስልክ ላይ ይሞክሩት። በሌላው ስልክ ከሠራ ጥያቄው የስልክ ነው፤ ምናልባትም በቅርቡ የስልኩ ሲስተም አፕዴት ተደርጎ ይሆናል፤ የአፑም አፕዴት እስኪወጣ ታግሦ ደግሞ ማጣመር ይበቃል። በሁለተኛውም ስልክ አንደኛው መስሚያ ከታየና ሌላው ካልታየ ያልታየው ሬዲዮው ተበላሽቷል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። የስልኩን የኔትወርክ ሴቲንግ በሙሉ ሪሴት ማድረግ የመጨረሻው ነው፤ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችም አብረው ይጠፋሉ።

የሚገናኝ ግን የሚቆራረጥ ከሆነ

ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው። ይህን ሞገድ ውኃ ይውጠዋል፤ የሰው አካል ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። ስልኩ በኋላ ኪስ ሆኖ ሞገዱ ወደ ጆሮ የሚደርሰው በአካል ውስጥ አልፎ ሳይሆን ከግድግዳና ከጣራ ተመልሶ ነው። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ ደህና የሚሠራው መስሚያ ሜዳ ላይ የሚቆራረጠው፤ ሜዳ ላይ የሚመልሰው ግድግዳ የለም። ስልኩን ወደ ደረት ኪስ ማዛወር ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ነው። በተለመደው ብሉቱዝ በሚሠሩ አንዳንድ ሞዴሎች ስልኩን የሚይዘው አንደኛው ጆሮ ብቻ ሆኖ ለሌላው ያስተላልፋል፤ ያ ጆሮ ቀኝ ከሆነ ስልኩም በቀኝ ይያዝ፣ ወይም ባለሙያው የስልኩን ጎን ይቀይርልዎ።

በዚያው ሞገድ ላይ የቤት ዋይፋይና ማይክሮዌቭ ምድጃም አሉ። ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ስልኩን ወደዚያ ማሸጋገር ቦታ ይለቅቃል። ብዙም የማይታወቀው ጠላት ደግሞ ዩኤስቢ 3 ነው፦ ላፕቶፕ ላይ የተሰካ ውጫዊ ዲስክ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ረባሽ ጫጫታ ያወጣል። ዲስኩን ነቅለው ድምፁ ከጠራ አጥፊውን አገኙት።

የእርስዎ መስሚያ የትኛውን ብሉቱዝ ይናገራል?

የማሟያም የመቀየርም ውሳኔ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። «ብሉቱዝ አለው» የሚለው የሻጭ ቃል ምንም አይነግርዎትም፤ በአንድ ስም የሚጠሩ አራት የማይግባቡ መንገዶች አሉና።

ለአይፎን የተሠራ የሚባለው በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ከአይኦኤስ 7 ጋር መጣ። የመስሚያ አምራቾቹ ሪሳውንድ፣ ኦቲኮን፣ ስታርኪ፣ ዋይዴክስና ሲግኒያ ለረጅም ጊዜ የሄዱበት መንገድ ነው። አነስተኛ ኃይል የሚበላው ብሉቱዝ ስለሆነ ትንንሽ መስሚያዎችንም ይመጥናል፤ አይፎኑ ሁለቱንም ጆሮ በቀጥታ ይይዛል፤ ድምፅ መቆጣጠሪያው ስልኩ ውስጥ ስላለ አፕ ሳይጫንም ይሠራል። ድካሙ ከአፕል ዓለም ሲወጡ ይጀምራል። በዊንዶውስ ላፕቶፕ ድምፅ አይቀበልም፤ በማክ የሚሠራው ከማክኦኤስ ሶኖማ ወዲህ በተወሰኑ ኤም ቺፕ ባላቸው ሞዴሎች ነው። ጥሪ ላይ በቀደሙት ሞዴሎች የእርስዎን ድምፅ የሚይዘው የስልኩ ማይክ ነው እንጂ የመስሚያው አይደለም። ስልኩን ኪስ ውስጥ ትተው ቢያወሩ «አይሰማም፣ አይሰማም» ይባላሉ፤ ብልሽት አይደለም፣ ስልኩን ወደ አፍ ማስጠጋት ነው። በመስሚያው ማይክ ማውራት የሚቻለው ከአይፎን 11 ጀምሮ፣ ያውም ይህን በሚደግፉ አዳዲስ መስሚያዎች ነው።

አሻ የሚባለው የጉግል መንገድ ነው፤ በ2018 ይፋ ሆነ፣ ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ስልኮች ላይ ገባ። ባሕርዩ ለአይፎን የተሠራውን ይመስላል፤ የማውሪያው ማይክም የስልኩ ነው። ወጥመዱ አንድሮይድ 10 ወይም ከዚያ በላይ መሆን ብቻውን አለመብቃቱ ነው፦ የስልኩ አምራች ራሱ ማስገባት አለበት። ካላስገባ አፑ መስሚያውን ይቆጣጠራል፣ ፕሮግራም ይቀይራል፣ ስልኩ ድምፅ ግን አይልክም። ይህ ሲገጥም ስንት ጊዜ ቢያጣምሩም አይለወጥም። ማጣራት የሚቻለው ከመስሚያው አምራች የተስማሚ ስልኮች ዝርዝር ላይ የስልክዎን ትክክለኛ ሞዴል በመፈለግ ብቻ ነው፤ የ«ፕላስ» እና የ«ላይት» ልዩነት እንኳ ለውጥ ያመጣል።

የተለመደው ብሉቱዝ በመኪና ስፒከርና በተራ የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ያለው ነው። አምራቹ ፎናክ በ2017 ኦዴዮ ቢ ዳይሬክት በተባለው ሞዴሉ አስገባው፤ እኅት ኩባንያው ዩኒትሮንም ይጠቀምበታል። ሰፊ ጥቅሙ ስልክ አለመምረጡ ነው፤ አይፎን፣ አንድሮይድ፣ ላፕቶፕ፣ ብሉቱዝ ያለው ባለቁልፍ ስልክ ሳይቀር ያገኘዋል፤ የእርስዎንም ድምፅ በመስሚያው ማይክ ይይዛል፣ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ቢሆንም ማውራት ይቻላል። በምላሹ ኃይል ይበላል፤ ብዙ መሣሪያ ስለሚቀበልም ላፕቶፑና ስልኩ ይሻሙበታል። የማሳወቂያ ድምፅ ችግርም በብዛት የሚሰማው ከዚህ ጎራ ነው።

ኤልኢ ኦዲዮ አዲሱ የጋራ መንገድ ነው። መሠረቱ በ2020 የወጣው ብሉቱዝ 5.2 ነው፤ ሙሉ መመሪያው ያለቀው በ2022 ነው፤ ኤልሲ3 በሚባል የድምፅ መጭመቂያ በአነስተኛ ኃይል የተሻለ ድምፅ ያደርሳል። ከእሱ ጋር የመጣው ኦራካስት ደግሞ አንድ አስተላላፊ ያለ ማጣመር ለስንትም ሰው ድምፅ እንዲበትን ያስችላል፦ በአዳራሽ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በጸሎት ቤት። ጥንቃቄው ካርቶን ላይ «ብሉቱዝ 5.3» መጻፉ ኤልኢ ኦዲዮ አለ ማለት አለመሆኑ ነው፤ የተለየ አማራጭ ነውና ለስልኩም ለመስሚያውም በስም ተጽፎ ይፈልጉት። «በኋላ በአፕዴት ይመጣል» የሚል ተስፋ ዛሬ አይገዛም፤ ዛሬ በሚሠራው ይወስኑ።

ሳይቀይሩ ማሟላት

መስሚያው ደህና ሆኖ ከስልኩ ጋር ቋንቋ ያልተግባባ ከሆነ መሐል ላይ አስተርጓሚ ማስገባት ይቻላል። ይህ ልብስ ላይ የሚቆነጠጥ ወይም አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ መሣሪያ ነው፤ በአንድ በኩል ከስልኩ ጋር በተለመደው ብሉቱዝ ያወራል፣ በሌላው በኩል ለመስሚያው በራሱ መስመር ያደርሳል። ከአሻ ጋር ያልተስማማ አንድሮይድ ላለው ሰው፣ ለዊንዶውስ ስብሰባና እጅ ነፃ ሆኖ ማውራት ለሚፈልግ ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው፤ ማይክ ስላለው በጫጫታ ቦታ ለጓደኛ ሰጥቶ እንደ ሩቅ ማይክ መጠቀምም ይቻላል። እዳው አንድ ተጨማሪ ቻርጅ የሚደረግና የሚረሳ ዕቃ መያዝ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የሚጣራው አንድ ነገር ነው፦ መቆንጠጫው ለዚያው አምራችና ለዚያው የሞዴል ትውልድ የተሠራ መሆኑ። የአንዱ ኩባንያ ከሌላው ጋር አይሠራም፤ የአንዱ ኩባንያ የድሮና አዲስም ሁልጊዜ አይግባቡም።

መስሚያው ጭራሽ ብሉቱዝ የሌለው ከሆነ ቴሌኮይል እንዳለው ባለሙያውን ይጠይቁ። ከሽቦ የተጠመጠመች ትንሽ መቀበያ ናት፤ አንገት ላይ የሚደረግ ቀለበት ከስልኩ የተቀበለውን ድምፅ በመግነጢስ ይልክላታል። ርካሽ ነው፣ አምራች አይመርጥም፣ ባትሪም ብዙም አይነካም። ሆኖም የቴሌኮይል ፕሮግራሙ መከፈት አለበት፤ በቻርጀርና በአንዳንድ መብራት አጠገብም ይንጫጫል። በጆሮ ቦይ ውስጥ ተደብቆ ከሚቀመጠው ትንሽ መስሚያ ውስጥ ግን ቦታ ስለማይበቃ ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሉም፤ አንቴናም ጥቅልም አይገባበትም።

ችግሩ ቴሌቪዥን ብቻ ከሆነ ስለ ስልክ ማሰብ አያስፈልግም። የአምራቹን የቴሌቪዥን ማስተላለፊያ ይግዙ፤ የራሱን መስመር ስለሚጠቀም ድምፁ ከከንፈር እንቅስቃሴ ኋላ አይቀርም፤ የተለመደው ብሉቱዝ በዚህ ይታማል። በኦፕቲካል ገመድ ተሰክቶ ድምፅ ካልመጣ የቴሌቪዥኑን የዲጂታል ድምፅ መውጫ ከዶልቢ ወደ ፒሲኤም (ያልተጨመቀ ድምፅ) ይቀይሩ። ከአስተላላፊዎቹ ብዙዎቹ ዶልቢውን መፍታት አይችሉም፤ «አስተላላፊው ተበላሽቶ መጣ» ተብሎ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

መጠገን ወይስ መቀየር

ከላይ ያለው ሁሉ ተሞክሮ አንደኛው መስሚያ በሁለት ስልክ ካልታየ ባለሙያው በገመድ አልባ ፕሮግራመሩ ይፈልገው። በዚያም ካልተገኘ፣ የአካባቢውን ድምፅ ግን የሚያሰማ ከሆነ፣ ሬዲዮው ነው የሞተው። ከመላኩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። የጆሮዎ ቅንብር ፋይል ተቀምጧል ወይ? ፋብሪካው አዲስ ሰርኪት ሲገጥም ቅንብሩ ይጠፋል። ፊርምዌሩ (የመስሚያው የውስጥ ሶፍትዌር) የመጨረሻው ነው ወይ? አንዳንዱ ችግር በክሊኒክ አፕዴት ብቻ ይፈታል። ሁለቱም ጆሮና ቻርጀሩ አብረው ይሄዳሉ ወይ? የታመመው አንዱ መስሎ ጥፋቱ በሌላው ወይም በቻርጀሩ ሊገኝ ይችላል።

ዋስትናው ካላለቀ ማሰብ አያስፈልግም፣ ይጠገን። የአምራች ዋስትና ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ነው፤ ሊያልቅ ወር ሲቀረው ሁለቱንም ማስመርመር ብልኅነት ነው። ዋስትናው ካለፈና መስሚያው ከአራት ዓመት በታች ከሆነ፣ ድምፁም የሚስማማዎ ከሆነ፣ አሁንም ጥገናው ያዋጣል፤ የተጠገነው ራሱ አዲስ ዋስትና ይዞ ይመጣ እንደሆነ ይጠይቁ። ከአምስት ዓመት ካለፈና ባትሪውም ሬዲዮውም አብረው ከደከሙ ግን በሁለት ጥገና የሚወጣው ገንዘብ ለአዲሱ ቢሆን ይሻላል። የመስሚያ ዕድሜ በአብዛኛው ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ነው የሚባለው፤ ላብ የሚበዛበት ሰው ወደ ዝቅተኛው ይጠጋል።

ስልኩን መቀየር የሚሻልበት ጊዜም አለ፣ ሻጭ ግን አይነግርዎትም። መስሚያው ሁለት ዓመቱ ሆኖ ስልኩ ግን አፕዴት የማይደርሰው አሮጌ ከሆነ፣ በተስማሚነት ዝርዝሩ ላይ ያለ መካከለኛ ስልክ ከመስሚያ ጥንድ በብዙ ይረክሳል።

ለመቀየር ከሁሉ የበረታው ምክንያት የብሉቱዝ ሳይሆን የመስማት ለውጥ ነው። የመስማት ምርመራ ካደረጉ ሁለት ዓመት ካለፈ መጀመሪያ ያንን ያድሱ። መስማቱ ከቀነሰና የድሮው መስሚያ ኃይሉ ካልበቃ፣ ግንኙነቱ ቢስተካከልም ንግግሩ አይገባዎትም። በተቃራኒው የመስማት ችግሩ ቀላል እስከ መካከለኛ ለሆነ፣ 18 ዓመት ለሞላው ሰው ኤርፖድስ ፕሮ 2 አንድ አማራጭ ነው፤ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የመስሚያ ሶፍትዌሩን በመስከረም 2024 በፈረንጆች ፈቅዷል። ለቅንብሩ አይፎን ወይም አይፓድ ያስፈልጋል፤ በአንድ ቻርጅ የሚቆየው ስድስት ሰዓት ያህል ስለሆነ ከጠዋት እስከ ማታ ለሚያደርግ ሰው አይበቃም፤ እንደ ተጠባባቂ ግን መጥፎ አይደለም።

አዲስ ለሚገዛ፣ ምርጫው እንዲህ ያጋድላል። ከአይፎን ውጭ የማይጠቀምና ትንሽ መስሚያ የሚወድ ለአይፎን የተሠራውን ይውሰድ። ስልክ ቶሎ ቶሎ የሚቀይር፣ በኮምፒውተር ስብሰባ የሚውል ወይም ባለቁልፍ ስልክ የሚይዝ የተለመደው ብሉቱዝ ያለውን። አንድሮይድ ያለው ሰው አሻን ተማምኖ ከመግዛቱ በፊት የስልኩን ሞዴል ዝርዝሩ ላይ ያግኝ፤ ካላገኘ የተለመደውን ብሉቱዝ ወይም መቆንጠጫ ያለውን ጥንድ ይምረጥ። መስሚያውን አምስት ዓመት ሊይዘው የሚያስብ ሰው፣ ዛሬ በስልኩ የሚሠራ መንገድ እስካለው ድረስ፣ ኤልኢ ኦዲዮ የተጨመረበትን ቢወስድ ጥሩ ነው።

ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት በራስዎ ስልክ ይሞክሩት፤ በሻጩ ስልክ የሠራ ማስረጃ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱንም ጆሮ ያጣምሩ፣ ስልኩን በሱሪ ኪስ ይዘው ወደ ውጭ ይውጡና ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጥሪ ያውሩ፤ የሚያነጋግርዎ ሰው ድምፅዎ በደንብ እንደሚሰማው ይንገርዎ። ቀጥሎ ሙዚቃ ከፍተው መሐል ላይ ይደወልልዎ፤ ጥሪው ሲያልቅ ሙዚቃው ወደ ሁለቱም ጆሮ ይመለስ እንደሆነ ያዳምጡ። ስልኩን ክፍሉ ውስጥ ትተው ግንኙነቱ እስኪቋረጥ ራቅ ይበሉና ይመለሱ፤ ሳይነካ በራሱ ካልተገናኘ ያ ነገር በየቀኑ ያናድድዎታል። የመመለሻ ጊዜ በጽሑፍ ይሰጥዎ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቴሌቪዥኑንም መኪናውንም ላፕቶፑንም ይሞክሩ።

የድሮውን ጥንድ አይጣሉት፣ አዲሱ ለጥገና ሲሄድ ይደርሳል። ከስልኩ ላይ ግን ይሰርዙት፣ ያለዚያ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ጥሪ ይሰርቃል። የሚጣል ባትሪ ያለው ከሆነ ባትሪውን አውጥተው ክዳኑን ክፍት አድርገው ያስቀምጡት፤ በቻርጀር የሚሠራው ደግሞ ግማሽ ያህል ቻርጅ ተደርጎ፣ ጠፍቶ ይቀመጥ፤ በየጥቂት ወሩ አንዴ ቻርጅ ይደረግ።